የጎዳና ጋዜጣ ለመሸጥ፦ ከምዝገባ እስከ ቋሚ ደንበኛ

ዋሽንግተን ዲሲ መሃል ከተማ የሚሠራ ሰው ሁሉ አይቷቸዋል። ደማቅ ሰደርያ ለብሰው፣ ባጅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ጋዜጣ ይዘው ሜትሮ መውጫ አካባቢ የሚቆሙ ሰዎች። ጋዜጣው ስትሪት ሴንስ ይባላል፤ ቤት የሌላቸው ሰዎች የሚሸጡት የጎዳና ጋዜጣ ነው። ብዙ አበሻ ለማኝ መስለውት ያልፋቸዋል። ለማኝ አይደሉም። ጋዜጣውን በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው፣ ሸጠው የሚያተርፉ ነጋዴዎች ናቸው።

ይህን የጻፍኩት ንግዱን መጀመር ለሚፈልግ ሰው ነው። ሥራ ካጣ ለቆየ፣ ሼልተር (ቤት ለሌላቸው የተዘጋጀ ማደሪያ) ለሚያድር፣ መኪናው ውስጥ ለሚተኛ፣ ከአንዱ ዘመድ ሶፋ ወደ ሌላው ለሚዘዋወር። እንዲህ ያለ ሰው የሚያውቅም ያንብበውና ይንገረው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው የዋሽንግተን ናቸው፤ ወገኖቻችን እዚያ ይበዛሉ። ሲያትል፣ ለንደን ወይም ዙሪክ ላላችሁም ዋናው ነገር ያው ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን ተረዱ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጋዜጣ አዟሪን ያውቃል። አዟሪው ከአከፋፋይ ይወስዳል፣ ሸጦ ትንሽ ይቀረዋል፣ የሚበዛው ገንዘብ ወደ አሳታሚው ይመለሳል። የጎዳና ጋዜጣ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። የሚታተመው ሻጩ እንዲያተርፍ ተብሎ ነው።

ስትሪት ሴንስ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ዋጋ ይህ ነው፦ ሻጩ አንዱን ቅጂ በ50 ሳንቲም ይገዛል፣ በ2 ዶላር ይሸጣል። 20 ቅጂ የገዛ ሰው 10 ዶላር አወጣ ማለት ነው። ሁሉንም ከሸጠ 40 ዶላር ይይዛል። 30 ዶላሩ ትርፉ ነው፤ ማንም አይካፈለውም። የሲያትሉ ሪል ቼንጅ ጋዜጣ ሻጮች ደግሞ ለብዙ ጊዜ በ60 ሳንቲም ገዝተው በ2 ዶላር ሲሸጡ ኖረዋል። የእንግሊዙ ቢግ ኢሹ መጽሔት ግማሽ በግማሽ ነው፤ ለምሳሌ በ2 ፓውንድ ተገዝቶ በ4 ፓውንድ ሲሸጥ ነበር። የስዊዘርላንዱ ሰርፕራይዝ መጽሔትም ከዋጋው ግማሽ ያህሉ የሻጩ ነው። ዋጋ ስለሚቀያየር በምትመዘገቡበት ቀን ጠይቁ።

ነጋዴ ናችሁ ስል የምሬን ነው። ቢግ ኢሹ ላይ ለምሳሌ፣ ገዝታችሁ ያልሸጣችሁት መጽሔት ኪሳራችሁ ነው። ቅጥር የለም፣ ደመወዝ የለም፣ የሚቆጣጠር አለቃም የለም። ዝናብ ሲዘንብ ሱቁ ይዘጋል።

ሐሳቡ የመጣው ከኒውዮርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ስትሪት ኒውስ የሚባል ጋዜጣ ቤት አልባ ሰዎች እየዞሩ መሸጥ ጀመሩ። ጎርደን ሮዲክ የተባለ የብሪታንያ ነጋዴ ይህን አየና ሐሳቡን ወደ አገሩ ወሰደው። በ1991 ከጆን በርድ ጋር ሆኖ ለንደን ላይ ቢግ ኢሹን መሠረቱ። ጆን በርድ ራሱ ጎዳና ያደረ ሰው ነው። ለዚህ ይመስለኛል ከመጀመሪያው "መጽሔቱን በነጻ አንሰጥም፣ ሻጩ ይግዛው" ያለው። የገዛ ሰው የሚሸጠው ነገር የራሱ ነው። ስትሪት ሴንስ የተቋቋመው በ2003 ነው። ዛሬ በ30 እና ከዚያ በላይ አገሮች እንዲህ ያሉ ጋዜጦች አሉ፤ በ1994 የተመሠረተ ዓለም አቀፍ ማኅበርም አላቸው።

1ኛ፦ ከተማችሁ ውስጥ መኖሩን አጣሩ

አሜሪካ ውስጥ ከዋሽንግተንና ከሲያትል ሌላ ቺካጎ ስትሪትዋይዝ፣ ፖርትላንድ ስትሪት ሩትስ፣ ናሽቪል ኮንትሪቢዩተር አላቸው። አውሮፓ ውስጥ ሃምቡርግ ሂንትስ ኡንት ኩንትስት፣ ሙኒክ ቢስ፣ ቪየና አውጉስቲን፣ ስቶክሆልም ሲቱዋሾን ስቶክሆልም አላቸው። ዴንማርክ ሁስ ፎርቢ አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኬፕታውን የራሷ ቢግ ኢሹ አላት።

አቋራጩ መንገድ ግን ኢንተርኔት ሳይሆን ሻጩ ነው። ባጅ ያደረገ ሻጭ ስታዩ አንድ ቅጂ ግዙና "እኔም መሸጥ እፈልጋለሁ፣ የት ልመዝገብ?" በሉት። ቢሮው የት እንደሆነ፣ ምዝገባው በየትኛው ቀን እንደሚካሄድ፣ ማንን መጠየቅ እንደሚሻል ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የቢሮው አድራሻ ጋዜጣው ላይም ታትሟል።

2ኛ፦ የወረቀት ጉዳያችሁን ቀድማችሁ አጥሩ

ቋሚ አድራሻ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ። ሥራው የተፈጠረው ቤት ለሌለው ሰው ነው። የሥራ ፈቃድ ግን ሌላ ነገር ነው።

እንግሊዝ አገር ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ እየጠበቃችሁ ከሆነ በግል መነገድ አይፈቀድላችሁም፤ ጋዜጣ መሸጥም እዚያ ውስጥ ይገባል። አሜሪካ ውስጥም ያለ ሥራ ፈቃድ በግል መነገድ ኋላ ላይ ጉዳያችሁን ሊያበላሽ ይችላል። እንዲህ ካላችሁ መጀመሪያ ጠበቃ ወይም ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ ድርጅት ጠይቁ። "ማን ያየኛል" አትበሉ። ስዊዘርላንድ ያላችሁ ሰርፕራይዝ ቢሮ ሄዳችሁ የያዛችሁትን የመኖሪያ ፈቃድ አሳዩ። ከኤርትራና ከሌሎች የአፍሪካ ቀንድ አገሮች የመጡ ብዙ ሻጮች ስላሏቸው ጥያቄው አዲስ አይሆንባቸውም።

3ኛ፦ ተመዝገቡ፣ ደንቡን ፈርሙ

ምዝገባው ቀላል ነው። አጭር ገለጻ ይሰጣችኋል፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ የሥነ ምግባር ደንብ ትፈርማላችሁ፣ ባጅ ትቀበላላችሁ። አብዛኞቹ ጋዜጦች ለጀማሪ የተወሰነ ቅጂ በነጻ ይሰጣሉ፤ ያ መነሻ ካፒታላችሁ ነው።

እንግሊዝኛ የማይቀናችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ያልገባችሁ ላይ አትፈርሙ። ደንቡን የጣሰ ሰው ባጁን ሊነጠቅ ይችላል። ስትሪት ሴንስ ከሚጠይቃቸው ውስጥ ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ስትሸጡ ባጁና ሰደርያው ከላያችሁ አይለይ። ባቡርና አውቶቡስ ውስጥ፣ እንዲሁም በግል ይዞታ ላይ አትሽጡ። ጠጥታችሁ ወይም ዕፅ ወስዳችሁ አትቁሙ። ጋዜጣ ከቢሮው እንጂ ከሌላ ሻጭ አትግዙ፣ ለሌላ ሻጭም አትሽጡ። ከጋዜጣው ጎን ለጎን ውሃ ወይም ማስቲካ አትቸርችሩ። ሰው አታስጨንቁ። የሌላ ሻጭ ቦታ ላይ አትቁሙ።

ስለ አልኮል ያለውን ደንብ በደንብ እደግፈዋለሁ። አንድ ሻጭ ሰክሮ ቢቆም የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። ያየው ሰው በማግስቱ ሌላ መንገድ ላይ የቆመውንም ሻጭ ሸሽቶ ያልፋል።

4ኛ፦ ይሉኝታውን ተወጡት

ለኛ ሰው ዋናው እንቅፋት ይህ ነው። እንግሊዝኛውም፣ ብርዱም፣ ገንዘቡም ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ዋሽንግተን ውስጥ አበሻ የሌለበት ጥግ የለም። ፓርኪንግ ላይ አበሻ አለ፣ ታክሲ ውስጥ አለ፣ ካፌው ካሸር ላይ አለ። ሰደርያውን ለብሳችሁ ስትቆሙ የሰፈር ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የድሮ ባልደረባ ያልፋል። ወሬው በሳምንቱ አዲስ አበባ ይደርሳል። እዚያ ያሉት ደግሞ ገንዘብ የሚጠብቁ ናቸው፤ "አሜሪካ ሄዶ ጎዳና ላይ ቆመ" መባሉ ሬሳ ከማውጣት የማይተናነስ የሚመስለው ሰው አለ። በዚህ ምክንያት ብቻ ሼልተር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ የሚውል፣ ጤናው የሚበላሽ ሰው አለ። በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ከመቆማችሁ በፊት አራት ነገር አድርጉ።

ለቤተሰባችሁ ራሳችሁ ንገሩ። "ጋዜጣ እየሸጥኩ ነው" በሉ። ያለ ማብራሪያ፣ ያለ ይቅርታ። ከእናንተ አፍ ቀድሞ የሰማ ሰው ወሬ ሲመጣለት "አውቃለሁ" ይላል፣ ነገሩም እዚያው ይሞታል።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አበሻ ከሚበዛበት ራቅ ብላችሁ ጀምሩ። ሲልቨር ስፕሪንግንና ዩ ስትሪትን ተዋቸውና መሃል ከተማ፣ ቢሮ የሚበዛበት ሂዱ። ሥራው ሲለመድ ይህ ጥንቃቄ ራሱ አስፈላጊ መሆኑ ይቀራል።

አንድ መልስ አዘጋጁ። የምታውቁት ሰው ደንግጦ "እንዴ! ምን ሆነህ ነው?" ሲል የሕይወት ታሪካችሁን መተረክ የለባችሁም። "ሥራዬ ነው፣ ጋዜጣ እሸጣለሁ። እንካ አንድ፣ 2 ዶላር ነው" በሉት። አብዛኛው ሰው ይገዛል። ያልገዛውም ምን እንደምትሠሩ አውቆ ይሄዳል።

አራተኛው ስለ ካሜራ ነው። ቲክቶክ የመጣበት ዘመን ስለሆነ "ወገናችንን እንርዳ" ብሎ ስልኩን የሚደቅን ሰው አይጠፋም። ፊታችሁ እንዲወጣ ካልፈለጋችሁ በትህትና "አትቅረጸኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ" በሉ። እንቢ ካለ ጀርባችሁን ስጡትና ለቢሮው ተናገሩ። ልባችሁ አይሰበር፤ ነገ ጠዋት ደንበኛ እዚያው ይጠብቃችኋል።

5ኛ፦ በልክ ግዙ

ጀማሪ ሰው በወኔ ብዙ ይገዛል። አትግዙ። ከነጻዎቹ ጀምሩ፣ ከዚያ 10 ወይም 15 ብቻ። ጋዜጣ ዕድሜ አለው። አዲስ እትም ሲወጣ የቆየው ቦርሳችሁ ውስጥ ተሸክማችሁት የምትዞሩት ወረቀት ይሆናል። ስንት እንደምትሸጡ በሳምንት በሁለት ሳምንት ራሱ ያሳያችኋል። እስከዚያ ቢያልቅባችሁ ይሻላል። ቢሮው ደግሞ ቅርብ ነው፣ ትመለሳላችሁ።

6ኛ፦ ቦታ ምረጡ

ሙሉ ቀን ከመቆም ጥሩ ቦታ ላይ ሁለት ሰዓት መቆም ይሻላል። ስለዚህ ቦታ ፍለጋው ላይ ጊዜ አጥፉ።

መጀመሪያ ጋዜጣ ሳትይዙ ሂዱ። በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 7 እስከ 9 ተኩል አንድ ጥግ ላይ ቁሙና ሰውን እዩ። ብዛቱን አትቁጠሩ፤ አረማመዱን እዩ። ባቡር ሊያመልጠው የሚሮጥ ሺህ ሰው አይጠቅማችሁም። ከባቡር ወርዶ ወደ ቢሮው የሚሄደው ይሻላል፤ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። መብራቱ እስኪለወጥ ስልኩን ወይም እናንተን ነው የሚያየው። ፋራጉት አደባባይ ዙሪያን ውሰዱ። በሁለት በኩል ሁለት የሜትሮ ጣቢያ አለው፣ ዙሪያው ሁሉ ቢሮ ነው፣ ሰዉ መንገድ ለመሻገር ይቆማል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ነገር ያለበትን ጥግ ፈልጉ።

የካፌ በር ጥሩ ነው፤ የሚወጣው ሰው ቡናውን ይዞ ዘና ብሏል። ግን በሩን አትዝጉ፣ ከበሩ ራቅ ብላችሁ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቁሙ። የእግረኛ መንገድ የሕዝብ ነው። የሕንጻው ደጃፍና በረንዳ ግን የባለቤቱ ነው፤ ጥበቃው ተነሱ ካለ ተነሱ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ገብታችሁ ባጃችሁን አሳዩና አስፈቅዱ። እሺ የሚሉ አሉ፤ አንዴ እሺ ካሉ ደግሞ ጥበቃው ራሱ ጠባቂያችሁ ይሆናል።

ብዙ ቢሮ ከቤት መሥራትን ስለለመደ ሰኞና ዓርብ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስን አታሳልፉ። ቅዳሜና እሁድ ወደ ገበያ ሂዱ። ዱፖንት ሰርክል እሁድ ጠዋት የገበሬዎች ገበያ አለ፤ እዚያ የሚመጣው ሰው ሊያወራ፣ ሊገዛ ነው የወጣው። ቤተ ክርስቲያን ደጅም ይሸጣል፣ ግን ከአገልጋዮቹ ፈቃድ ጠይቁ።

ቦታችሁን ከመረጣችሁ በኋላ ቶሎ ቶሎ አትቀያይሩ። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያልፈው ሰው ያያችኋል እንጂ አይገዛም። ቆየት ብሎ ሰላም ማለት ይጀምራል። ከዚያ አንድ ቀን ቆም ይልና ኪሱን ይፈትሻል። ሦስት ቀን ቆመው "ይሄ ቦታ አይሸጥም" ብለው የሚሄዱ ሰዎች ደንበኛው ሊገዛ ሲል ነው የሚጠፉት። በተመሳሳይ ጥግ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ቁሙ። ብትታመሙ ወይም ቀጠሮ ቢኖራችሁ ለደንበኞቻችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፦ "ነገ የለሁም፣ ረቡዕ እመለሳለሁ።" ሰው ይህን ያስታውሳል።

7ኛ፦ አያያዝና አነጋገር

ጋዜጣውን ደረታችሁ ላይ፣ ርዕሱ ወደ ሰው እንዲያይ አድርጋችሁ ያዙ። እጥፉ የተስተካከለ ይሁን። ዝናብ ወይም ጤዛ ካለ በፕላስቲክ ሸፍኑት። የተጨማደደ ጋዜጣ ማንም አይገዛም። የቀረውን ቦርሳ ውስጥ አድርጉ፤ እጃችሁ ላይ ሁለት ሦስት ብቻ ይኑር።

እኛ ያደግነው ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍተን ነው። ዓይን ለዓይን ማየት ድፍረት ነበር። እዚህ ግን አንገቱን የደፋ ሻጭ ያፈረ ወይም የታመመ ይመስላል። ቀና በሉ። ሰው አራት አምስት እርምጃ ሲቀረው ዓይኑን አይታችሁ "ጉድ ሞርኒንግ" በሉ። ከዚያ "ስትሪት ሴንስ፣ ቱ ዶላርስ።" በቃ። እንቢ ካለ ወይም ዝም ብሎ ካለፈ "ሃቭ ኤ ጉድ ዴይ" በሉትና ዓይናችሁን ወደሚቀጥለው አዙሩ። አትከተሉ። እንቢ ያለው ሰው ነገም በዚያው ያልፋል፤ ነገ እንዳያፍራችሁ አድርጋችሁ ሸኙት።

ችግራችሁን አትንገሩት። ጠይቆ ካልሆነ በስተቀር። "እርዱኝ" ስትሉ ሁለት ዶላሩ ምጽዋት ይሆናል፣ ሰውየውም ገንዘቡን ሰጥቶ ጋዜጣውን ሳይወስድ ይሄዳል። "ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ጥሩ ጽሑፍ አለ" ስትሉ ግን የምታወሩት ስለ ዕቃችሁ ነው። ለዚህ ደግሞ የምትሸጡትን ማንበብ አለባችሁ።

አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ለረጅም ጊዜ ታክሲ ነድተው ወገባቸው ሲታመም ያቆሙ ናቸው። አዲስ እትም የወጣ ቀን ከመቆማቸው በፊት ቡናቸውን ይዘው አንዱን ቅጂ ከዳር እስከ ዳር ያነባሉ። ያልገባቸውን ቃል ስልካቸው ላይ ያያሉ። ከዚያ በእስክሪብቶ አንድ ርዕስ ያከብባሉ። የዚያ ቀን ወሬያቸው እሱ ነው። ገዢ ሲቆም ጣታቸውን ክቡ ላይ አድርገው "ፔጅ ፎር፣ ቬሪ ጉድ" ይላሉ። እንግሊዝኛቸው ከዚህ ብዙም አያልፍም። ሰው ግን በማግስቱ ተመልሶ "ያነበብኩት ገጽ 4 እውነትም ጥሩ ነበር" ይላቸዋል።

አለባበስ ላይ ብዙ አልልም። ንጹሕ ይሁን። ክረምት ላይ ሁለት ካልሲ ልበሱ፣ ጣታቸው የተቆረጠ ጓንት ዝርዝር ለመቁጠር ይመቻል። በጋ ላይ ጥላ ያለበት ጎን ቁሙ፤ የዋሽንግተን ሙቀት ያዞራል፣ ውሃ ይዛችሁ ውጡ።

8ኛ፦ ገንዘቡን እንደ ነጋዴ ያዙ

የነገን ዕቃ መግዣ ከትርፉ ለዩ። ሁለት ኪስ ይኑራችሁ። ማታ ከመብላታችሁ በፊት ለነገ 20 ቅጂ የሚሆነው 10 ዶላር ወደ አንዱ ኪስ ይግባ፣ አይነካ። ከዚህ ሥራ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ደንበኛ አጥቶ ሳይሆን የነገውን መግዣ በልቶት ነው።

ባለ አንድ ዶላር ኖቶች ለመልስ ያዙ። ብዙ ገንዘብ ይዛችሁ ሼልተር አትደሩ፤ የባንክ ወይም የክሬዲት ዩኒየን ሂሳብ ከሌላችሁ ቢሮውን መክፈቻ መንገድ ጠይቁ።

ጥሬ ገንዘብ የሚይዝ ሰው እያነሰ ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ቢግ ኢሹ የመንገድ ላይ ሽያጩን ለመጀመሪያ ጊዜ አቆመ። ሲመለስ ብዙ ሻጮች የካርድ ማንበቢያ ይዘው ወጡ። አሜሪካ ያሉትም በስልክ የሚከፈልበት መንገድ አበጅተዋል። የእናንተ ጋዜጣ በየትኛው እንደሚሠራ ጠይቁ፣ ቁጥራችሁን ወይም ኮዱን በትልቁ ጽፋችሁ ባጃችሁ አጠገብ አንጠልጥሉ። "ካሽ የለኝም" የሚለው ሰው ግማሹ እውነቱን ነው።

ትንሽ ደብተር ግዙ። ቀኑን፣ ስንት እንደገዛችሁ፣ ስንት እንደሸጣችሁ፣ ጉርሻ ስንት እንዳገኛችሁ ጻፉ። ደብተሩ ሁለት ቦታ ያድናችኋል።

አንደኛው ታክስ ነው። አሜሪካ ውስጥ በግል የሚሠራ ሰው በዓመት የተጣራ ትርፉ 400 ዶላር ከደረሰ ታክስ ማስገባት አለበት። የተጣራ ማለት ጋዜጣ የገዛችሁበት ተቀንሶ ነው። አትፍሩት። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሠራተኞች የሚመለስ የታክስ ድጋፍ አለ፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለውና መስፈርቱን የሚያሟላ ሰው ጭራሽ ገንዘብ ሊመለስለት ይችላል። በነጻ ታክስ የሚሞሉ በጎ ፈቃደኞችም በየከተማው አሉ።

ሁለተኛው የመንግሥት ድጎማ ነው። ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) ወይም ኤስ ኤስ አይ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ ወርሃዊ ድጎማ) የምታገኙ ከሆነ ገቢውን አሳውቁ። ደብቆ መያዝ ኋላ መልሱ ያስብላል። ሠርቼ ባገኘሁት ልክ ይቆረጥብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ እንደዚያ አይደለም። ኤስ ኤስ አይ ላይ ሌላ ገቢ የሌለው ሰው በወር ካተረፈው የመጀመሪያው 85 ዶላር አይቆጠርም፣ ከቀረውም ግማሹ ብቻ ነው የሚቆጠረው። በወር 285 ዶላር ያተረፈ ሰው 85ቱ ይወጣለታል፤ ከ200ው 100 ብቻ ይቆጠርበታል። ድጎማው በ100 ይቀንሳል፣ 185ቱ ትርፍ ሆኖ ይቀርለታል።

9ኛ፦ ከጋዜጣው ሌላም ውሰዱ

ቢሮው ዕቃ መረከቢያ ብቻ አይደለም። ስትሪት ሴንስ የጽሑፍ አውደ ጥናት አለው፣ ቲያትርና ፊልም የሚሠሩ ቡድኖች ነበሩት፣ ቤትና መታወቂያ ለማግኘት የሚረዱ ሠራተኞችም አሉት። ስትመዘገቡ "ሶሻል ወርከር ማነጋገር እፈልጋለሁ" በሉ። የቤት ወረፋ ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል ስማችሁ ቶሎ ይግባ።

ጻፉም። ሻጮች የጻፉት ግጥምና ታሪክ በየእትሙ ይወጣል። በአማርኛ ጽፋችሁ የሚተረጉምላችሁ ሰው ፈልጉ። የራሳችሁ ጽሑፍ ያለበትን እትም ስትሸጡ ማሻሻጫ አያስፈልግም፤ ገጹን ገልጣችሁ "ይሄ የኔ ነው" ማለት ይበቃል።

ሌላ ሥራ ስታገኙ በአንዴ አትጥፉ። ለቢሮው ተናገሩ፣ ባጁንና ሰደርያውን መልሱ፤ ንብረታቸው ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ እየሸጡ መቀጠልም ይቻላል። አዲሱ ሥራ ባይሳካ መመለሻ ይኖራችኋል።

ለሚገዙ ወገኖች

ሁለት ዶላር መስጠት ብቻ ሳይሆን ጋዜጣውን ውሰዱ። "ገንዘቡን ያዘው፣ ጋዜጣውን ለሌላ ሽጠው" ማለት ደግነት ይመስላል፤ ሻጩን ግን ከነጋዴነት ወደ ተቀባይነት ያወርደዋል። የወሰዳችሁትንም አንብቡ።

ሻጩ አበሻ መሆኑን ካወቃችሁ በአማርኛ ሰላም በሉትና ግዙ። "የማን ልጅ ነህ? ከየት ነህ? ምን አጋጠመህ?" አትበሉት። እሱ ካወራ ስሙት። ማታ ለጓደኛ ደውላችሁ "ማንን እንዳየሁ ታውቃለህ?" አትበሉ።

ባጅ የሌለው ሰው የቆየ እትም ይዞ ቢያጋጥማችሁ አትጨቃጨቁ፣ ባጅ ካለው ግዙ። ካፌ ወይም ሬስቶራንት ያላችሁ ደግሞ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ደውሉና በራችሁ አጠገብ የሚቆም ሻጭ እንደምትቀበሉ ንገሯቸው። ሲመጣ ዝናብ ላይ የሚጠለልበት ጥግና መጸዳጃ ቤታችሁን አሳዩት።